ከመነዳሪ ወይስ ቱብለስ? ለሰሜን ሸዋ ኮረኮንች ጎማ ስትመርጡ

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ብስክሌት የሚነዱ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ቱብለስ ላስገባ ወይስ ከመነዳሪዬን ይዤ ልቀጥል?» አጭር መልስ ብሰጣቸው ደስ ይለኝ ነበር። ግን መጀመሪያ እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። የት ነው የምትነዱት?

ከመነዳሪ ጎማው ውስጥ ገብቶ አየሩን የሚይዘው ነው፣ ቱብለስ ደግሞ ያለ ከመነዳሪ አየር የሚይዝ ጎማ ነው። ሁለቱንም በአንድ ብስክሌት ላይ እያፈራረቅሁ ነድቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ንዳት የገባኝ ነገር ይህ ነው። እሾህና ድንጋይ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። እሾህን የሚመክተው ቱብለስ ነው። ድንጋይን የሚመክተው ግን የጎማው ጎን ውፍረት ነው። ሁለቱን ሳይለይ ገበያ የወጣ ሰው ብዙ ገንዘብ አውጥቶ መንገድ ዳር መቆሙ አይቀርም።

መንገዳችን ምን ይመስላል?

ከዋናው የደሴ አስፋልት ወጣ ሲሉ ሰሜን ሸዋ አንድ ዓይነት መሬት አይደለም።

ከጣርማበር ወደ መዘዞና ወደ ጓሳ የሚወስደውን የመንዝ አቅጣጫ ያዙ። ደጋው ሁሉ እሳተ ገሞራ በተፋው ጥቁር ድንጋይ የተሸፈነ ነው። መንገድ ላይ የሚደፋውም ኮረት ከዚያው ድንጋይ የተፈለጠ ነው። አዲስ የተፈለጠ ጥቁር ድንጋይ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው። የጎማውን ጥርስ ብዙም አይጎዳውም። ጎኑን ነው የሚቀደው። በተለይ ቁልቁለት ላይ ጎማው ከሁለት ድንጋዮች መሐል ሲገባ።

ወደ ሸዋ ሮቢት ወይም ወደ ጀማ ሸለቆ ስትወርዱ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ የግራር አገር ነው። ለአጥር የተቆረጠ ቅርንጫፍ መንገድ ላይ ይጎተታል። እሾሁ ይራገፋል፣ ይደርቃል፣ አፈር ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንድ ከሰዓት ሦስት ጊዜ ከመነዳሪ ለጥፌ አውቃለሁ። ሦስተኛውን ስለጥፍ ማስቲሼ አልቆ ነበር። ደጋው ላይም ቀጋና አጋም አሉ። ግን እንደ ቆላው ግራር አያሰቃዩም።

ሦስተኛው የእነዋሪና የጅሁር መረሬ ነው። ጥቁሩ አፈር በበጋ ደርቆ ሲሰነጠቅ እንደ አስፋልት ይነዳል። በክረምት ግን ሌላ ነው። ጭቃው ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ከብስክሌቱ ሹካ ጋር ያጣብቀዋል። እዚያ ላይ ከመነዳሪም ሆነ ቱብለስ ለውጥ የለውም። ጥያቄው ጎማውና ሹካው መሐል ስንት ጣት ክፍተት አለ የሚለው ነው። ሐምሌና ነሐሴ እነዋሪ የሚመላለስ ሰው 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ጎማ ትቶ 38ቱን ቢይዝ ይሻለዋል።

ምርጫዎቹ

የመጀመሪያው ሁላችንም የምናውቀው ጥቁሩ ከመነዳሪ ነው። ርካሽ ነው። የትኛውም ጎሚስታ ይለጥፈዋል። ደካማ ጎኑ ግን አንድ ነው። ንፋሱ ሲቀነስ ጎማው ድንጋይ ላይ ይጨፈለቅና ከመነዳሪው በጎማውና በቸርኬው መሐል ይቆነጠጣል። እባብ የነደፈው የሚመስል ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ይህን ፈርተን ሁላችንም አጠንክረን እንነፋለን። አጠንክረን ስንነፋ ደግሞ ኮረኮንቹ ክንዳችንንና ወገባችንን ይጨርሰዋል። ጎማውም መሬት ከመያዝ ይልቅ ይዘላል።

ሁለተኛው ቲፒዩ ከሚባል ቀጭን ፕላስቲክ የተሠራው ከመነዳሪ ነው። በጣም ቀላል ነው፣ ተጠቅልሎ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ለመጠባበቂያ ከእሱ የተሻለ የለም። ዋና አድርጎ ለመንዳት ግን አልመርጠውም። በተለመደው ማስቲሽ አይለጠፍም፣ የራሱ መለጠፊያ ይፈልጋል። ፍሬናችሁ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሙቀቱ ሊጎዳው ይችላል።

ሦስተኛው በተለመደው ከመነዳሪ ውስጥ ሲላንት መጨመር ነው። ሲላንት ማለት ቀዳዳ ሲያገኝ ወጥቶ የሚረጋ ፈሳሽ ነው። አብዛኛው ከላስቲክ ወተት የተሠራ ነው። ቸርኬው ቱብለስ ለማይችል ብስክሌት ይህ ጥሩ መካከለኛ መንገድ ነው። ለትንሽ እሾህ ይሠራል። መቆንጠጥን ግን አያስቀርም።

አራተኛው ቱብለስ ነው። ከመነዳሪ የለም። የጎማው ጠርዝ ከቸርኬው ጋር ገጥሞ አየሩን ይይዛል፣ ሲላንቱ የቀረውን ይደፍናል። ሐሳቡ ለብስክሌት አዲስ አይደለም። ማቪክ፣ ሚሼሊንና ሀቺንሰን ዩኤስቲ የሚባለውን አሠራር ለተራራ ብስክሌት ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ያኔ ጎማው ራሱ አየር እንዳያሳልፍ ተደርጎ ስለሚሠራ ወፍራምና ከባድ ነበር። የዛሬዎቹ ቀለል ያሉ ናቸው። ያለ ሲላንት ግን አየር በደንብ አይዙም። ስለዚህ «ቱብለስ ገዛሁ» ብላችሁ ሲላንቱን ከዘለላችሁ ግማሹን ብቻ ነው የገዛችሁት።

አምስተኛ የሚባል ካለ በቱብለስ ጎማ ውስጥ የሚገባ የስፖንጅ ቀለበት ነው። ቸርኬውን ከድንጋይ ምት ይጠብቃል። ጎማ ማውለቁንና መመለሱን ግን በጣም ያከብደዋል። መንዝ ላይ በብርድ በደነዘዘ ጣት ያንን መታገል አልወድም። ለውድድር ካልሆነ ይቅርባችሁ።

ቸርኬውን ሳታዩ ጎማ አትግዙ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

እኔ ራሴ ያገለገለ ብስክሌት ገዝቼ ነበር። ሻጩ «ቸርኬው ቱብለስ ነው» አለኝ፣ አመንኩት። ጎማውን አስገባሁ፣ ሲላንት ጨመርኩ፣ አስነፋሁ፣ ያዘ። ደስ አለኝ። በማግሥቱ አንድ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ጎማው ወደ ጎን ሲጫን የጎማው ጠርዝ ከቦታው ተንሸራቶ አየሩ በአንድ ጊዜ ወጣ። ፊተኛው ጎማ ነበር። ፍጥነቴ ትንሽ ስለነበር ክርኔ ተልጦ ብቻ ተረፍኩ። ቤት ወስጄ ስፈታው ቸርኬው የተራ ከመነዳሪ ቸርኬ ነበር።

ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ጎማውን አውልቁና ቸርኬውን ውስጡን እዩት። የቱብለስ ቸርኬ መሐሉ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦይ አለው። በቦዩ ግራና ቀኝ ደግሞ የጎማው ጠርዝ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ መደብ አለ። በብዙዎቹ ላይ በቦዩና በመደቡ መሐል ትንሽ ጉብታ ይዳሰሳል። ጠርዙ ተንሸራቶ ወደ ቦዩ እንዳይወድቅ የሚያግደው ያ ጉብታ ነው። የተራው ቸርኬ መደብም ጉብታም የለውም። አንዳንዱ ሰው ተራውን ቸርኬ በፕላስተር ደራርቦ ቱብለስ ያደርገዋል። ቤት ውስጥ አየር ይይዛል። መታጠፊያ ላይ ምን እንደሚሆን ነገርኳችሁ። አታድርጉት።

ቀጥሎ ቁጥሩን አንብቡ። ጎማው ጎን ላይ 40-622 የሚል ዓይነት ጽሑፍ አለ። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚያርፍበት ዲያሜትር ነው። 622 የሚለው 700ሲ የሚባለው ነው፣ 584 ደግሞ 650ቢ። የድሮው 26 ኢንች የተራራ ብስክሌት 559 ነው። ሁለተኛው ቁጥር ከቸርኬው ጋር አንድ መሆን አለበት። «ትንሽ ነው የሚለያየው፣ ይገባል» የሚላችሁን አትስሙ።

ጎማው ቱብለስ መሆኑን የሚያሳየው ምልክት በየፋብሪካው ይለያያል። ማክሲስ ቲአር ብሎ ይጽፋል። ሽዋልቤ ቲኤልኢ ይላል። ደብሊውቲቢ ቲሲኤስ ይላል። እነዚህ ከሌሉ ጎማውን እንደ ተራ ቁጠሩት።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። አሁን አሁን ጠርዛቸው ወደ ውስጥ ያልታጠፈ ቸርኬዎች መጥተዋል። ጎማውን የሚነክስ ከንፈር የላቸውም። እነዚህ ከ5 ባር ማለትም ከ72 ፒኤስአይ (ሁለቱም የግፊት መለኪያ ናቸው፣ ከዚህ በኋላ ግፊት ስል በፒኤስአይ ነው) በላይ መነፋት የለባቸውም፣ ቱብለስ ያልሆነ ጎማም አይገባባቸውም። ኮረኮንች ላይ ከ50 በላይ ስለማንነፋ ለንዳቱ ችግር አይሆንም። አደጋው የሚመጣው ጎሚስታ ቤት ነው። ወደዚያው ልሂድ።

ጎሚስታውና መጭመቂያው

ቱብለስ ለማስቀመጥ አየሩ በአንድ ጊዜ በኃይል መግባት አለበት። ጠርዙ ከቦዩ ወጥቶ መደቡ ላይ ሲወጣ ጧ! ጧ! የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። በውጭ አገር ቪዲዮ ላይ አንዱ በእጅ ፖምፓ ሲያስቀምጠው አይታችሁ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ላይ ስትሞክሩት እምቢ ይላችኋል። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ከተማዋ ያለችው 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ፖምፓው በአንድ ግፊት የሚያስገባው አየር ባሕር ጠለል ላይ ከሚያስገባው በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። ሰውየው አሥር ጊዜ ገፍቶ ያገኘውን እናንተ አሥራ አራት ጊዜ ገፍታችሁ ታገኙታላችሁ። እስከዚያ ድረስ አየሩ በጎን ሾልኮ ያልቃል።

መፍትሔው ቅርብ ነው። የመኪና ጎሚስታ ጋ ሂዱ። የመኪና ቱብለስ ስለሚሠራ ነገሩን ያውቀዋል። እኔ የምሄድበት ጎሚስታ መጀመሪያ ቀን «ወንድሜ፣ ይቺ ቀጭን ነገር ትፈነዳብሃለች» ብሎኝ ነበር። አሁን ከእኔ በላይ እሱ ይወደዋል።

ሁለት ነገር ይዛችሁ ሂዱ። አንደኛው አዳፕተር ነው። የብስክሌት ቱብለስ ቫልቭ አብዛኛውን ጊዜ ቀጭኑ ዓይነት ስለሆነ የጎሚስታው ቱቦ አይገጥመውም። ከናስ የተሠራችው ትንሽ አዳፕተር ዋጋዋ ምንም አይደለም። ከመኪና ቫልቭ ጋር አንድ የሆነ የቱብለስ ቫልቭ ካገኛችሁና የቸርኬው ቀዳዳ የሚበቃው ከሆነ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። ከሸዋ ሮቢት እስከ መሐል ሜዳ የትኛውም ጎሚስታ ይነፋላችኋል። ሁለተኛው የግፊት መለኪያ ነው። የመኪና ጎሚስታ አየር መጭመቂያ (ኮምፕረሰር) የብስክሌት ጎማን በሰከንዶች ውስጥ ከልኩ ያሳልፈዋል። «ቀስ እያልክ፣ ከ40 እንዳታሳልፍ» በሉት። እዚያው ቁሙ፣ ፊታችሁን ግን ከጎማው አርቁ።

ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ የቸርኬውን ፕላስተር ለጥፉ። የቱብለሱን የራሱን ተጠቀሙ፣ የመብራት ሠራተኛ ፕላስተር አይሆንም፣ ሲላንቱ ይፈታዋል። ስፋቱ መደቦቹን ጨምሮ ቸርኬውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መሸፈን አለበት። ወጥራችሁ ለጥፉት፣ አረፋ እንዳይኖረው። የጎማውን ጠርዝ የሳሙና ውሃ ቀቡት፣ እንዲንሸራተት። ሲላንቱን መጨረሻ ላይ አስገቡ። ለ40 ሚሊ ሜትር ጎማ ከ60 እስከ 90 ሚሊ ሊትር ይበቃል። እኔ ለቆላ መንገድ ወደ 90ው አደላለሁ።

ከገጠመ በኋላ መሞከር

ጎማው ስለተነፋ ብቻ አትመኑት። እኔ ሁሌ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የምሞክረው።

መጀመሪያ የሳሙና ውሃ። በጠርዙ ዙሪያ፣ በቫልቩ ሥር፣ የቸርኬው ሽቦዎች በሚገቡበት ቀዳዳ ሁሉ አፍሱበት። በሽቦዎቹ ቀዳዳ አረፋ ከወጣ ችግሩ ጎማው አይደለም፣ ፕላስተሩ ነው። ከዚያ ጎማውን በጎኑ እያስተኛችሁ በሁለቱም በኩል አቆዩት፣ ሲላንቱ ጎኑን እንዲያለብሰው።

ቀጥሎ ሌሊቱን ማሳደር። ማታ 40 ነፍታችሁ ጠዋት ሁለት ሦስት ቢጎድል ምንም አይደለም። አዲስ ጎማ ለጥቂት ቀን እንደዚያ ያደርጋል፣ በተለይ አንድ ዙር ካልተነዳ። ጠዋት ግማሹ ከጠፋ ግን አትውጡ። ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ውርጭ ከሆነ ብርዱ ራሱ ግፊቱን ትንሽ እንደሚቀንሰው አስቡ። ማታ ቤት ውስጥ የለካችሁትን ጠዋት ደጅ ለክታችሁ አትደንግጡ።

ሦስተኛው የጎን ግፊት ነው። ያ መታጠፊያ ያስተማረኝ ነው። ንፋሱን ወደ 20 አውርዱ። ብስክሌቱን ቁማችሁ ያዙና ጎማውን ወደ ጎን በኃይል ግፉት። ጠርዙ ከተንቀሳቀሰ ወይም ፍስስ ካለ ያ ቸርኬና ያ ጎማ አይስማሙም። ሌላ ጎማ ሞክሩ።

ከዚያ በኋላ ነው ንዳቱ። ቤታችሁ አጠገብ ያለ፣ የምታውቁት፣ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ኮረኮንች ምረጡ። ከ40 ጀምሩ፣ በየዙሩ ሁለት ሁለት ቀንሱ። ቸርኬው ድንጋይ ሲነካ ቋ ሲል ትሰሙታላችሁ። በዚያ ላይ ሦስት ጨምሩ። የእናንተ ልክ ያ ነው። 70 ኪሎ አካባቢ ለሚመዝንና 40 ሚሊ ሜትር ለሚነዳ ሰው ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 38 መሐል ይወድቃል፣ ኋለኛው ከፊተኛው ሁለት ሦስት ከፍ ብሎ። የምነግራችሁን ቁጥር አትያዙ፣ ዙሩን ሥሩት። በዚያው መንገድ ላይ በከመነዳሪ እዚሁ ግፊት ላይ ብትወርዱ ቁንጥጫው አይቀርላችሁም። የቱብለስ ትልቁ ጥቅም ለእኔ እሾሁን መድፈኑ ብቻ አይደለም። ለስለስ ብሎ መሄዱ ነው። ከአራት ሰዓት ንዳት በኋላ እጄ አይደነዝዝም።

ቁልቁለቱ

ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ። በአንድ ጠዋት ያን ያህል ስትወርዱ ጎማው ውስጥ ምን ይሆናል? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሁለት ነገር ይሆናል፣ አንዱ ሌላውን ይቃረናል። ታች የውጪው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ላይ የሚታየው ግፊት ይቀንሳል። ሙቀቱ ደግሞ ይጨምረዋል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን በ5 ዲግሪ ብርድ 35 ነፍታችሁ ሸዋ ሮቢት በ30 ዲግሪ ብትለኩት 37 አካባቢ ታገኛላችሁ። ስለዚህ አትጨነቁ። መጨነቅ ያለባችሁ ፍሬናችሁ ቸርኬውን የሚይዝ ከሆነ ነው። ያኔ ቸርኬው ራሱ ይግላል። ደብረ ሲና ላይ ቆም በሉ፣ ቸርኬውን በጣታችሁ ነካ አድርጉት፣ ካቃጠለ ሻይ ጠጡ። ዲስክ ፍሬን ላለው ይህ ጭንቀት የለም።

ሲላንቱ የማይደፍነው

የመንዙ ጥቁር ድንጋይ ጎኑን ከቀደደው ሲላንቱ ነጭ ወተቱን እየረጨ ያልቃል እንጂ አይዘጋም። እስከ ጥቂት ሚሊ ሜትር ያለ ቀዳዳ ይደፈናል። ከዚያ የሚሰፋውን የመኪና ጎሚስታዎች በሚጠቀሙበት ዓይነት ተለጣፊ ገመድ፣ በቀጭኑ፣ መወተፍ ይቻላል። ጥርሱ ላይ ከሆነ ለወራት ይነዳል። ጎኑ ላይ ከሆነ ግን ገመዱም አይቆይም። ጎኑ እየታጠፈ ስለሚሄድ ይተፋዋል።

ለዚህ ነው ለመንዝ የሚሄድ ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ ጎማው ላይ ያውጣ የምለው። ጎኑ የተደረበ፣ የውስጥ ጨርቁ ክር በኢንች 60 የሆነ ጎማ ምረጡ። 120 ክር ያለው ለስላሳና ፈጣን ነው፣ ለአስፋልትና ለደረቅ መረሬ ይሆናል። ለጥቁር ድንጋይ ግን ይሳሳል። ጎኑ የተደረበ ጎማ ከከመነዳሪ ጋር፣ ጎኑ ከሳሳ ቱብለስ ይበልጣል። ይህን ስል የሚከራከሩኝ ጓደኞች አሉ። ጓሳ ላይ፣ ከጭላዳ በቀር ማንም በሌለበት፣ የተቀደደ ጎማ ይዤ የቆምኩት እኔ ስለሆንኩ ሐሳቤን አልቀይርም። ያን ቀን ያዳነኝ ከአሮጌ ጎማ ቆርጬ የያዝኩት መዳፍ የማያክል ቁራጭ ነው። ከውስጥ በቀዳዳው ላይ አደረግሁት፣ መጠባበቂያ ከመነዳሪ አስገባሁ፣ ቀስ ብዬ መሐል ሜዳ ገባሁ። ቱብለስም ብትሆኑ ከመነዳሪና ይህችን ቁራጭ ሳትይዙ አትውጡ።

ታዲያ ማን ምን ይያዝ?

ከተማ ውስጥና እስከ ጫጫ ድረስ ለምትመላለሱ፣ ቱብለስ አያስፈልጋችሁም። ጥሩ ጎማና ጥቁሩ ከመነዳሪ ይበቃል።

ብስክሌቱን በወር አንዴ የምታወጡ ከሆነ ቱብለስ ይቅርባችሁ። ሲላንቱ በበጋው ደረቅ አየር ቶሎ ይደርቃል። በየሁለት ሦስት ወሩ ከፍቶ ማየትና መጨመር ይፈልጋል። እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ነው የሚመጣው። ሲላንቱ የደረቀ ቱብለስ እሾህ አይደፍንም።

ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ ጀማ፣ ግራር ወዳለበት ሁሉ አዘውትራችሁ የምትወርዱ ከሆነ ሳታመነቱ ቱብለስ ግቡ። ቸርኬያችሁ የማይችል ከሆነ ሲላንት ያለበት ከመነዳሪ።

ለመንዝ፣ ጎኑ የተደረበ 45 ሚሊ ሜትር ጎማ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ ቱብለስ። ለሁለቱም ጎማ የሚሆን ሲላንት ካላገኛችሁ ለኋለኛው ስጡት፣ ክብደታችሁ ያለው እዚያ ነው። እኔ አሁን የምነዳው እንደዚህ ነው። ኋላዬ ቱብለስ፣ ፊቴ የተደረበ ጎማ ከጥቁር ከመነዳሪ ጋር፣ ኮርቻዬ ሥር ባለችው ቦርሳ ውስጥ አዳፕተሯ፣ ገመዱና ያቺ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ።